ያልተለማመደችው ጥያቄ

ሙሉሐረግ መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ አዛውንት ጠበቃ ቢሮ በጠበቃነት ዓመታት ሠርታለች። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ባለጉዳይ እየጠፋ፣ ቢሮው ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። ደሴ ያለ ትልቅ የጥብቅና ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ሲጠራት ባሏ ፈንታሁን ከሷ በላይ ተደሰተ። ማታ ማታ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ይጠይቃታል።

«ለምንድን ነው የምትለቂው?»

«ራሴን ለማሳደግ።»

«ውሸትሽ ያስታውቃል። እንደገና!»

ስለ ድርጅቱ ስታጠያይቅ ግን አንድ ነገር ሰማች። የእትዬ ሀዲያን ልጅ ሳውዲ የላከው ኤጀንሲ ጠበቆች እነሱው ናቸው። ልጅቷ በሬሳ ሣጥን ተመልሳ እናትየው ኤጀንሲውን ከሰዋል፤ ጠበቃቸው ደግሞ ራሷ ሙሉሐረግ ናት።

«ስለ ክሱ ቢጠይቁኝስ?» አለችው።

«የደንበኛ ምስጢር ነው በያቸው። አለቀ!»

ይህንኑ እየደጋገመች ሸመደደችው።

ደሴ ላይ እንደፈራችው ጠየቋት፤ እንደተለማመደችውም መለሰች። ኃላፊው ፈገግ ብሎ «እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የምንፈልገው» አላት። ከዚያ እስከ በሩ ሸኛትና፣ እጇን እንደጨበጠ፣ «ያቺ ከሟቿ ጋር ትሠራ የነበረችው ፈርሂያ ግን አሁንም ጂዳ ናት አሉ?» አለ፣ እንደ ጨዋታ።

ሙሉሐረግ ፈተናው አልቆ እፎይ ብላ ነበር። «ኧረ ከመጣች ቆየች፤ ወረኢሉ እናቷ ጋ ናት» አለች።

ደረጃውን ስትወርድ ምን እንዳደረገች ገባት።

በፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ቀን ምስክሯ ፈርሂያ አልመጣችም፤ ስልኳም ተዘግቷል። ሁለት ሰዎች በመኪና መጥተው እናቷን ሲያነጋግሩ እንደዋሉ፣ በማግስቱም ልጅቷ ከቤት እንደወጣች ጎረቤቶቿ ተናገሩ። ሌላ ምስክር አልነበረም። ክሱ ውድቅ ሆነ።

ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ እትዬ ሀዲያ ትከሻዋን ያዙና «አንቺማ ምን ታደርጊ ልጄ፤ ለልፋትሽ አላህ ይክፈልሽ» አሏት። ሙሉሐረግ «አሜን» አለች። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ መናኸሪያው አዘገሙ።

ቤት ስትደርስ ፈንታሁን ፍራሹን እየጠቀለለ ነበር። ሥራውን አግኝታለች፤ ደሴ ቤት ተከራይተዋል።

«ፈርሂያ ያለችበትን የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አለችው።

እጁ ቆመ። «ይህን ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ለማንም እንዳትናገሪ» አለና ገመዱን አጥብቆ አሰረ።