የሞተር ማሞቂያው ገመድ

"ባትሪው ነው ስልሽ!" አሉ ኦረስት፣ ከጀርባዋ ቆመው።

ሊዮና በረዶው ላይ ተንበርክካ ከፒካፑ አፍንጫ ስር የተንጠለጠለውን የማሞቂያ ገመድ ትጎትታለች። በዚህ አገር ብርድ ሌሊቱን በኤሌክትሪክ ሳይሞቅ ያደረ ሞተር አይነሳም። የባሏ አባት የኦረስት ምክር ከካናዳዋ ሳስካችዋን ብርድ ብሶባታል።

"አባባ፣ ባትሪውን አሁን ለካሁት እኮ። ደህና ነው።"

"እንግዲያው ሞተሩ ነው።"

"ሞተሩማ በብርድ ደርቋል! ሌሊቱን ሙሉ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሳይሞቅ ካደረ ምን ያድርግ?"

የኦረስት ሚስት ስቴፋኒያ ዛሬ ከሆስፒታል ይወጣሉ። እስከ ምሽት የሚወስዳቸው ካልመጣ አልጋው ለሌላ ይፈለጋልና ወደ አረጋውያን ማቆያ ይዛወራሉ። ኦረስት እዚያ የገባ አይወጣም ባይ ናቸው። የሊዮና ባል ያለው ሰሜን፣ ማዕድን ማውጫ ሥራ ላይ ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለችውም መኪና ይቺው ናት።

ሊዮና ቴስተሩን አወጣች። መስመሩ ካልተቋረጠ ይጮሃል። ከጋራዡ የሚመጣውን ረጅም ገመድ ጫፍና ጫፉን ስትነካው ጮኸ። የመኪናውን ገመድ ከማሞቂያው ነቅላ ሞከረችው፤ ዝም። ወዲያ ወዲህ ስታጣጥፈው ጢው አለና መልሶ ጠፋ። መሃሉን በእጇ ብትዳብስ የናስትሮ ጥቅልል አገኘች።

"ይሄን ማን ጠቀለለው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! አይጥ በልታው ይሆናል።"

"በልታ ስታበቃ ናስትሮ ጠቀለለችበት?"

ኦረስት ወደ ጋራዡ ዞሩ። ያን ጊዜ ገባት። ስቴፋኒያ አንድ ክረምት ገመዱን ሳይነቅሉ ነድተው ሶኬቱን ከነግድግዳው ቁራጭ ወስደውታል። ሰውዬው ይህን ሳያወሩ የቀሩበት ሰርግ የለም። "ሚስቴ ግድግዳ አስከትላ ገበያ ወጣች" እያሉ ስንቱን አስቀውባቸዋል።

"ሳይነቅሉ ነድተዋል፣ አይደል?"

"አምቡላንሱ ይዟት ሲወጣ ተከትዬ ተነሳሁ። ገመዱን ማን አየ?"

አሳዘኗት፤ ንዴቷ ግን አልበረደላትም። "ታዲያ ያኔውኑ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ይሄን ሁሉ ሰዓት ብርድ ላይ ሲያንገላቱኝ!"

የተበጠሰውን በፒንሳ ቆርጣ ሽቦዎቹን አገናኘች፤ በወጉ ሸፈነችው። ቴስተሩ ጮኸ። ሰካችው። ሞተሩ እስኪሞቅ ግን ገና ብዙ ይቆያል።

"ደውይና እንደምንዘገይ ንገሪያት" አሉ ኦረስት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "በባትሪው አሳብቢ።"

ሊዮና የሆስፒታሉን ስልክ መታችና አቀበለቻቸው።

"እርስዎ ይንገሯቸው።"

"ልጄ፣ በፈጠረሽ! እስክሞት ትስቅብኛለች እኮ።"

"ይሳቁ።"

ኦረስት ጓንታቸውን አውልቀው ስልኩን ተቀበሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ስቴፍካ፣ እኔ ነኝ" አሉ ሚስታቸውን አቆላምጠው። "ገመዱን ሳልነቅል ነድቼ በጠስኩት። እንዘገያለን። ማንም መጥቶ ወደ ማቆያው ልውሰድሽ ቢልሽ እንዳትነሺ።"