ዳቦ ጋጋሪውና የካርቶኑ ዱቄት

ቨርሊን ህሩስካ ኔብራስካ ውስጥ ዊልበር በምትባል ትንሽ ከተማ ዕድሜውን ሙሉ ዳቦ ሲጋግር የኖረ ሰው ነው። ዳቦ ቤቱን ሸጦ ጡረታ ከወጣ በኋላም ከቤቱ ዱቄት ጠፍቶ አያውቅም። ሴት ልጁን ማርሊስን ግን ሐኪም ስንዴ ጨርሶ እንዳትቀምስ ከልክሏታል፤ በስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን ብናኙ እንኳ አንጀቷን ያቆስለዋል። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ምሳዋን ከቤቷ ቋጥራ ነው። እሱ ትኩስ ሾርባውን፣ እሷ የቀዘቀዘ ሩዟን ይዘው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

ይህ ነገር ሲከነክነው ከረመና አንድ ቅዳሜ ከግሉተን ነፃ የሆነ፣ ተቀላቅሎ የተዘጋጀ ዱቄት በካርቶን ገዛ። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ጨምሮ መጋገር ብቻ ነው። ጎረቤቱ ሎይስ ካርቶኑን አይታ ሳቋ አመለጣት።

«አንተ ሰውዬ! ዳቦ ከካርቶን? ያውም አንተ?»

«ልጄ የምትበላው ይሄን ከሆነ ምን ላድርግ?»

በማግስቱ ትንንሽ ዳቦዎች ጋግሮ ጠበቃት። ማርሊስ ስታያቸው ፊቷ በራ፤ እጇን ግን አልዘረጋችም።

«አባዬ፣ ምን ላይ ነው የዳመጥከው?»

«የሊጥ ጣውላዬ ላይ ነዋ! ደግሞ አጥቤዋለሁ።»

«እንጨት ውስጥ የገባ ስንዴ በማጠብ አይወጣም እኮ። ይቅርታ፣ አልበላውም።»

«እኔ ልጄን የምመርዝ ሰው ነኝ?» ቨርሊን ደሙ ፈላ።

«ባለፈው የታመምኩት ከምሳዬ ሌላ እዚህ በቀመስኩት ድንች ነው፤ ማንኪያህ ስንዴ ነክቶት ነበር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እንዳይከፋህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ቨርሊን ዳቦዎቹን ከጠረጴዛው አነሳ።

ሰኞ ማለዳ አባቱ የሠራለትን የሊጥ ጣውላ፣ መዳመጫውን፣ የእንጨት ማንኪያዎቹንና የተረፈውን የስንዴ ዱቄት ሁሉ ተሸክሞ ሎይስ በር ላይ ቆመ።

«ኋላ መልሺ እንዳትለኝ» አለችው ጣውላውን እየዳሰሰች።

«አልልም» አለና ፊቱን አዞረ።

ወጥ ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል ፈገፈገ፤ አዲስ ሳህንና መጋገሪያ ገዛ። ከዚያ በየምሳው ለአንድ ሰው የሚበቃ ብቻ እያቦካ መሞከር ጀመረ። በመጀመሪያ እጁ በለመደው ልክ ሊጡን አሸው፤ ድንጋይ ሆነ። ወተት ሲያበዛበት ደግሞ መሀሉ ሳይበስል ቀረ። ሌላው ሲነኩት ተፈረፈረ። ሎይስ በአጥሩ በኩል «ተወው፣ አንተ ግትር!» ብትለው «ገና ነኝ» ብሎ ገባ። በመጨረሻ ማሸቱን ተወና ሊጡን አማስሎ ጥቂት አሳረፈው፤ አይብና የሽንኩርት ቅጠል ጣል አድርጎ በማንኪያ እየጨለፈ ጋገረው። ከምድጃው ሲወጣ ነፍቶ፣ ዳር ዳሩ ቀልቶ ነበር።

እሁድ ማርሊስ ስትመጣ የወጥ ቤቱን ቁምሳጥኖች አንድ በአንድ ከፈተላት።

«ጣውላህስ?» አለች ደንግጣ።

«ሰጠሁት። ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ ብዪ።»

አንዱን ቆርሳ በላች፤ ሁለተኛውን ከሾርባው ጋር ጨረሰች። ሦስተኛውን ስታነሳ «ጨው ያንሰዋል፣ አባዬ» አለችው።

ቨርሊን ከት ብሎ ሳቀ። ልጁ በዳቦው ላይ አቃቂር ካወጣች ስንት ጊዜዋ! እንዲያም ሆኖ በማግስቱ ስልክ እስክትደውል እህል በአፉ አልዞረም። «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ስትለው ነው ቁጭ ብሎ ቁርሱን የበላው።