የተሰበረው የስለት ጥላ

ስም የሚያወጣው አባት ነው ይባላል። ፈንታን ግን የሞላሌ ከተማ ሰው የሚጠራው አባቱ ባወጡለት ስም አይደለም፤ የክፍል ጓደኛው በኃይሉ ባወጣለት ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳሉ ለጥምቀት ጉግስ ከበኃይሉ ልጓም ተውሶ ወጣ። ፈረሱ ሽምጥ እንደያዘ የልጓሙ ጠፍር ተበጠሰና ፈንታ ሕዝብ ፊት አፈር ላሰ። ጠፍሩ የበሰበሰ ነበር፤ ባለቤቱም ያውቅ ነበር። ፈንታ ከወደቀበት ሳይነሳ በኃይሉ ከፈረሱ ላይ ሆኖ «ልጓም ጣይ!» ብሎ ጮኸ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ።

በቃ፣ ያ ሳቅ አልቆመም። ለሚወዳት ለጥሩሸዋ ሽማግሌ ሲልክ አባቷ «ልጓም ለሚጥል ወንድ ልጄን አልሰጥም» ብለው መለሱ። ትምህርቱንም ተወው። በኃይሉ ግን ተማረ፣ አገር ለቆ ሄደ፣ በአረብ አገር ለአንድ አየር መንገድ የሚያበር ካፒቴን ሆነ። ሞላሌም የፈንታን አሮጌ ላንድሮቨር ተሳፍሮ ገበያ እየዋለ ስለ በኃይሉ ሲያወራ ኖረ። ፈንታ መሪውን ይዞ እየሰማ ጥርሱን ነከሰ።

በሚሊኒየሙ ዓመት፣ በታኅሣሥ ገብርኤል ጧት፣ በኃይሉ ሞላሌ ገባ። አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ እምቢ ብሎት ከሞት ተርፏልና ከቀየት መንደር ወዲህ ላለው ገብርኤል የከፋይ ጥላ ተስሎ ነበር። ረዳቱ ሆና አብራው የነበረችውን ትህትና የምትባል አብራሪም አስከትሏል። ከአዲስ አበባ ያመጣቸው የቤት መኪና ሆዱን ድንጋይ ቢልሰው ሞላሌ ላይ ቀረ። ሰው ወደ ፈንታ ጠቆማቸው።

«እንዴ! ልጓም ጣይ! አለህ እንዴ አንተ?» አለ በኃይሉ፣ ትከሻውን እየመታ። ወደ ልጅቱ ዞረ። «ይሄን ታያለሽ? ከፈረስ ወድቆ መኪና ላይ የወጣ ጀግና ነው። ቀበቶሽን አጥብቂ!»

«ቀበቶ የለውም፣ ካፒቴን» አለ ፈንታ። «በእምነት ነው የሚኬደው።»

ልጅቱ ሳቀች። በኃይሉ ጋቢና ገባ፤ እሷ ከኋላ ጥላውን ታቅፋ ተቀመጠች። ውርጩ ገና ከመንገዱ አልለቀቀም።

በደብሩ ደንብ ስለት ያገባ ሰው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሞ የተደረገለትን ይናገራል፤ ሕዝቡ እልል ይላል። በኃይሉም ከሞላሌ ሳይርቁ ንግግሩን ይለማመድ ጀመር። «አውሮፕላኑ ባሕር ላይ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ እምቢ ሲለኝ፣ ገብርኤል ክንዴን አበረታው፤ በዚህ እጄ አንገቱን ሰብሬ መለስኩት! እንዴት ነው?»

ፈንታ እልልታው ካሁኑ ተሰማው። ነገ ገበያው ሌላ ወሬ አይኖረውም።

«ካፒቴን» አለች ትህትና ከኋላ። «እንዲያ ነበር እንዴ?»

«ታዲያ እንዴት ነበር?»

«የእኛ ሥራ ደንብ አለው። መሪው በማን እጅ እንዳለ በቃል ይነገራል። አንዱ ‹በእኔ ነው› ይላል፣ ሌላው ‹በእርስዎ ነው› ብሎ እጁን ያነሣል። ያን ቀን መሪው በእኔ ነበር። ደረቀብኝ፤ ‹ደረቀብኝ› አልኩዎት። እርስዎ ቃል ሳይተነፍሱ ዘለው ያዙት። እኔ አፍንጫው እንዲወርድ ወደፊት ስገፋ እርስዎ ይስባሉ። የቱ ብልሽቱ እንደሆነ፣ የቱ የእርስዎ እጅ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።»

«ወረደ አልወረደም?»

«ወረደ። የሞተሩን ኃይል ስቀንሰው ወረደ። እጅዎን እንዲያነሡ እየለመንኩዎት።»

በኃይሉ አንገቱ ቀላ። «እኔ ደንግጬ ነው ልትይ ነው?»

«ሰው ሲደነግጥ ወደ ራሱ ይስባል። ሁላችንም እንደዚያ ነን። ለዚያ ነው ደንቡ።»

«ግምገማው ላይም ይሄንኑ ልትደግሚው?»

«ያየሁትን።»

ፈንታ ጆሮው ቆመ። «ግምገማ እናንተም ጋ አለ? እኛ ቀበሌ ግምገማ የገባ ሰው ወይ ወንበሩን ወይ ጎረቤቱን ሳያጣ አይወጣም።»

ትህትና ፈገግ አለች። «የእኛው ሌላ ነው፣ ጋሽ ፈንታ። ጥፋቱን የተናገረ አይባረርም፤ የደበቀ ነው የሚባረር። ሌላው አብራሪ ሰምቶ እንዳይደግመው ነው የምንነጋገረው።»

«አንተ መንገድህን እይ!» አለ በኃይሉ። «እንደለመድከው ልጓሙን ጥለህ እንዳትፈጀን!»

ፈንታ ማርሹን ቀየረ። መልስ የሚሰጥበት ቦታ ከፊቱ ነበረ፤ በቅሎ እምቢ የሚሉት ቁልቁለት። በስተቀኝ፣ በበኃይሉ ወገን፣ ገደል ነው። ከሁለተኛው ኩርባ በታች ግን በስተግራ የድንጋይ ማውጫ ካባ አለ፤ መሬቱ ሽቅብ ስለሆነ የሚሮጥ መኪና ራሱ ደክሞ ይቆምበታል። ይህን የሚያውቅ ሹፌር ብቻ ነው። የፈንታ አሳብ አጭር ነበር፤ ፍሬን እምቢ አለኝ ብሎ መልቀቅ፣ ይህን ጀግና አንዴ እንደ ፍየል ማስጮህ፣ ካባው ውስጥ ማቆም፣ ከዚያ ገብርኤል ደጅ ሲያወራ ዓይን ዓይኑን ማየት።

ኩርባው ላይ እግሩን ከፍሬኑ አነሣና ወለሉን ይረግጥ ጀመር። «ኧረ ፍሬኑ! ፍሬኑ እምቢ አለ!»

ላንድሮቨሩ ተንደረደረ። በኃይሉ ግን አልጮኸም። ፈንታ ያላሰበውን አደረገ፤ ከወንበሩ ተወርውሮ መሪውን በሁለት እጁ አነቀው። ከቀኝ ተቀምጦ መሪ የሚይዝ ሰው ደግሞ ወደ ራሱ ከመሳብ በቀር ሌላ አቅም የለውም። ወደ ራሱ ማለት ወደ ገደሉ ነው።

«ልቀቅ!» አለ ፈንታ። አሁን ጩኸቱ የውሸት አልነበረም። ፍሬኑን የእውነት ረገጠው፤ ጎማው ጮኸ፣ ውርጭ በላሰው ጠጠር ላይ ተንሸራተተ። የቀኙ የፊት ጎማ የመንገዱን ከንፈር ነካ። ድንጋይ ወደ ታች ሲወርድ ተሰማ፤ ሲያርፍ ግን አልተሰማም።

«ካፒቴን፣ እጅዎን ያንሡ! መሪው በሹፌሩ ነው!» ትህትና ጮኸች። በኃይሉ ዓይኑ ፈጥጦ እንደ መዥገር ተጣብቋል። «እጅህን አንሣ!» አለችና የጥላውን ዘንግ በመቀመጫዎቹ መሐል አሳልፋ አንጓው ላይ አወረደችበት። ዘንጉ ቀው ብሎ ተሰበረ። እጁ ለቀቀ። ፈንታ መሪውን ወደ ግራ ቆለመመው፤ መኪናው ካባው ውስጥ ገብቶ ቆመ።

በኃይሉ ወርዶ ድንጋይ ተደግፎ አስመለሰ። ፈንታ መሪውን እንደያዘ አየው። ደስ አለው፤ ሊሞት ነበር፣ ቢሆንም ደስ አለው።

ትህትና ጠጋ አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ጋሽ ፈንታ፣ ፍሬንዎ ይሠራል። ጎማው ሲጮኽ ሰምቻለሁ።»

ፈንታ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ።

«እኔ ሰማይ ላይ የሆነውን ለግምገማው እናገራለሁ። እርስዎስ የራስዎን?»

«እኔ ግምገማ የለኝም፣ እቴ» አላት። «ያለኝ ገበያ ነው።»

ፈንታ ፍሬን እንደሌለው አስመስሎ በአንደኛ ማርሽ እየነዳ፣ ቀስ ብለው ገብርኤል ደረሱ። ታቦቱ ሊወጣ ሕዝቡ ግቢውን ሞልቷል። መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ጥላውን ተቀብለው ሊዘረጉት ሲሉ ዘንጉ ከመሐሉ ታጠፈ። እልል ልትል አፏን የከፈተች ሴት አፏን ዘጋች።

«ልጄ» አሉ መሪጌታ፣ «የተሰበረ ጥላ በታቦት ላይ አይያዝም። ምን አገኘው?»

በኃይሉ ወደ ፈንታ ጠቆመ። «ይሄ ልጓም ጣይ ነው! ፍሬን በሌለው መኪና ሊፈጀን ነበር!»

ሕዝቡ ዞረ። ፈንታ የዚያን የጥምቀት ሜዳ ዓይኖች መልሶ አገኛቸው። ፍሬኔ ደህና ነው ቢል ነፍሰ ገዳይ ይሆናል፣ የበኃይሉም ነውር ይረሳል። ልክ ነው፣ ፍሬን የለኝም ቢል ከዛሬ ጀምሮ ማን ይሳፈርለታል? ገብርኤል ደጅ ቆሞ ሊዋሽ መሆኑንም አልረሳም።

«እውነት ነው» አለ። «ፍሬኔ እምቢ ብሎኛል። ልጓሙን ግን አልጣልኩም፤ መሪው በእኔ እጅ ነበር። ጥላውን ምን እንደሰበረው እሷን ጠይቋት።»

ትህትና ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞረች። «የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ አባቴ። በካፒቴኑ እጅ ላይ። የሹፌሩን መሪ ነጥቀው ወደ ገደል ሲስቡ አልለቅም ስላሉ።»

«ሰማይ ላይስ፣ እቴ?» አለ ፈንታ ጮክ ብሎ። «ሰማይ ላይስ እንዴት ነበር?»

«እሱን በቦታው እናገራለሁ» አለችና አንገቷን ደፋች። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለጋትም።

ከሴቶቹ ወገን መጀመሪያ የሳቀችው ጥሩሸዋ ናት። የልጆች እናት ሆናለች፤ ሳቋ ግን ያው ነው። «ውይ፣ መሪ ነጣቂ!» አለች። ስሙ ከአፏ ወጥቶ ወንዶቹ ጋ ደረሰ፤ ወንዶቹ ጋ ሲደርስ የደብሩ ግቢ በሙሉ ሳቀ። መሪጌታ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «አስጠግነህ ለከርሞ አምጣው፣ ልጄ» አሉና ጥላውን መለሱለት። ለከርሞ! ያ ስም ዓመት ሙሉ ሞላሌ ላይ ሲቀለብና ሲደልብ ይጠብቀዋል።

ንግሡ ሲያበቃ ፈንታ እንደ ወትሮው «ሞላሌ! ሞላሌ!» ብሎ ተጣራ። ማንም አልመጣም። ሁልጊዜ እየተጋፉ የሚወጡት አሮጊቶች እንኳ መቋሚያቸውን ይዘው በእግራቸው ተያያዙት። «ገብርኤል ካንተ ፍሬን ይሰውረን!» አለችው ጥሩሸዋ እያማተበች፣ አልፋው ስትሄድ።

ባዶውን ላንድሮቨር አስነሣ። ከደብሩ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ በኃይሉን ደረሰበት፤ የተሰበረውን ጥላ በብብቱ ሸጉጦ በእግሩ ይሄዳል፣ ትህትና ከጎኑ። ፈንታ እነሱ አጠገብ እስኪደርስ መኪናውን ለቀቀውና ፍሬኑን ረገጠ። ላንድሮቨሩ እንደ ተቸነከረ ቀጥ አለ።

በኃይሉ ጎማውን አየ። ፈንታን አየ። ከንፈሩ ነጣ። «ይሠራል! አንተ… ይሠራል እኮ!»

«ሂድና ንገራቸው» አለው ፈንታ። «ማን ያምንሃል? መሪ ነጣቂ፣ ልጫንህ?»

በኃይሉ ፊቱን አዙሮ መንገዱን ቀጠለ። ፈንታ ለልጅቱ የኋላውን በር ከፈተላት። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አልሳፈርም፣ ጋሽ ፈንታ። ፍሬኑ ከተበላሸ መኪና ይልቅ ፍሬኑ የሚሠራውን ፈራሁት።»

በሩን ዘጋው። ወንዙን ተሻግሮ በቅሎ እምቢን ብቻውን ወጣ፤ የሰው ክብደት የሌለበት መኪና በየጉድጓዱ እንደ ቆርቆሮ ተንኳኳ። ካባው ጋ ሲደርስ በመስተዋቱ ወደ ታች ተመለከተ። ሁለቱ ነጥቦች ገና ወንዙ አጠገብ ናቸው። ነገ ሰው እንደማይሳፈርለት ያውቃል፣ ከነገ ወዲያም። ይሁን። መስኮቱን ከፈተና ለገደሉ «መሪ ነጣቂ!» ብሎ ጮኸ። ገደሉም አልቆጠበም፤ ደጋግሞ መለሰለት።