አታሟርቺ

በሐምሌ ሠርግ! እኔ ገና ቀኑ ሲቆረጥ ተናግሬያለሁ። ጥር እያለ፣ ሚያዝያ እያለ፣ ሰው ጃንጥላ ይዞ ያገባል? «አዳራሹ የተገኘው ክረምት ስለሆነ ነው፤ ለሙሽራው ለኢዮሲያስም ከሥራ ፈቃድ የሰጡት አሁን ነው» አሉኝ። በቃ፣ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ደግሞ ለእኔ ቀላል እንዳልሆነ የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ሁሉ ይመስክር። ሃያ ስድስት ዓመት ነጠላና ጋቢ ስሸጥ ሳልናገረው የቀረሁት ነገር ቢኖር ዕድሜዬን ብቻ ነው።

ሙሽራዋ ሳምሪ የታላቅ እህቴ የደሳለች ልጅ ናት። በዘጠኝ ዓመቷ ለትምህርት ከጨንቻ መጥታ እኔ ቤት ነው ያደገችው። ለሠርጓ ከአገር ቤት ዘጠኝ ሰው ሲመጣ የት ይደር? የእኔ ቤት አንድ ክፍል ናት፤ ግማሿን የወንድሜ የየሺጥላ የሽመና ዕቃ ይዞታል። ሙሽራው ኢዮሲያስ ታዲያ ቁስቋም ዳገት ላይ፣ ሙሽሮች ለፎቶ ከሚሄዱበት የእጽዋት ማዕከል ብዙም የማይርቅ «ጥድ ጥላ» የሚባል ርካሽ ፔንሲዮን አገኘና ለሳምንት ያዘልን። ስልኩ ላይ ያሳየን ፎቶ ጥድና ጭጋግ ብቻ ነበር። እኔና የሺጥላም እንግዶቹን ልናስተናግድ አብረናቸው ገባን።

ጥዱና ጭጋጉ እውነት ነው፤ ግን ለፊቶቹ ክፍሎች ነው። እነሱን ደግሞ ጫካ ሊያዩ የሚመጡ ወጣቶች ቀድመው ይዘዋቸዋል። ለእኛ ከፊት የደረሱን ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ከጀርባ ነበሩ። ከጀርባ የሚታየው ግንብ ነው። ዳገቱን ቆርጠው ፔንሲዮኑን ሲሠሩ፣ የተቆረጠውን አፈር እንዲይዝላቸው ሁለት ሰው ቁመት የሚያህል የድንጋይ ግንብ አቁመዋል። ከሰባት ቁጥር መስኮት እጃችሁን ብትዘረጉ ትነኩታላችሁ። ደሳለችን ያስገቧት ሰባት ቁጥር ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ የሌለው ክፍል እሱ ብቻ ነበር።

ሰኞ ስንገባ የሰባት ቁጥር በር አልዘጋ አለ። የፔንሲዮኑን ኃላፊ ሙሉቀንን ጠራሁት፤ ዓይኑን ከስልኩ ላይ የማያነሳ ጎረምሳ ነው።

«አያስቡ ማዘር፣ ክረምት እኮ ነው። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል።»

«በሩ ላሜራ ነው» አልኩት።

በሩን አየው። «እ... ማለቴ፣ እናስተካክለዋለን» ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ በሩ ተዘግቶ አልከፈት አለ። የሺጥላ ሁለቴ በእግሩ ሲለው ተበረገደ። ደሳለች ለባብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። «ለምን አትጣሪም?» ብላት «በጠዋቱ ሰው ላስቸግር?» አለችኝ። እህቴ እንዲህ ናት። ብርድ ልብሷ ላይ ነጭ ዱቄት ነበር፤ በጣቴ ዳሰስኩት፣ ኖራ ነው። ቀና ስል ከመስኮቱ ጥግ ወደ ኮርኒሱ የሚሄድ ስንጥቅ አየሁ። የፀጉር ሽቦዬን ሰደድኩበት፣ ገባ። ረቡዕ ጠዋት ትንሿ ጣቴ ገባችበት።

ፈራሁ። ለራሴ አይደለም፣ ለእሷ ነው የፈራሁት። ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የማስበው ያንን አልጋ ነው።

«ተነሺ፣ ከፊት ሁለት ቁጥር ከእኔ ጋር ተኚ» አልኳት።

«ሁለት አልጋ ላይ ሦስት ሆናችሁ! እኔ ደግሞ ጉልበቴን ሳገላብጥ ሰው አላስተኛም። ተይኝ ዓለሜ፣ ለጥቂት ቀን ነው።»

ወደ ሙሉቀን ሄድኩ። ሌላ ክፍል የለም። «ዐለት ላይ ነው የተሠራው ማዘር፣ አይስጉ» አለኝ። ዐለት ከሆነ ግንቡ ምን ሊሠራ ቆመ?

ለቤተሰቡ መንገር ነበረብኝ፤ ግን እኔ እነሱ ዘንድ ስሜ ወጥቷል። የሺጥላ አሮጌ ሚኒባስ ሲገዛ «ይቺ ዳገት አትወጣም» አልኩ፤ በሳምንቱ ሸጎሌ ላይ ቀጥ አለች። የአጎታችን ልጅ ስትታጭ «ይኼ ልጅ ዓይኑ በር በሩን ያያል» አልኩ፤ ሄደ። ያየሁትን ተናገርኩ እንጂ ምን አጠፋሁ? እነሱ ግን እኔ ስለተናገርኩት የሆነ ይመስላቸዋል። ሟርተኛ! ደስታ ያለበት ቤት ውስጥ አፌን ስከፍት ሰው እርስ በርሱ ይተያያል።

ሐሙስ ጠዋት ግን አልቻልኩም። የሳምሪና የኢዮሲያስ ፎቶ የሚነሣው የዚያን ቀን ነበር፤ እንግዳው ሁሉ እጽዋት ማዕከሉ ድረስ ሊያጅባቸው ተዘጋጅቷል። ከመውጣታችን በፊት ቁርስ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን ጸሎት ሆነ። የመራው የኢዮሲያስ አጎት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወንድም ጃለታ ነው። «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲል እጄን አነሣሁ።

«እኔ አለኝ። ከጀርባ ያለው ግንብ ሊወድቅ ነው። እህቴን ከዚያ ክፍል አውጡልኝ።»

ሳምሪ፣ የእኔ ልጅ፣ ያሳደግኳት ልጅ፣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

«አንቺ ሴትዮ!» አለ የሺጥላ። «ለሠርግ ሁለት ቀን ሲቀር? አታሟርቺ!»

«ይወድቃል እያልኩህ ነው! ሂድና ስንጥቁን እይ!»

«አይቼዋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ያልተሰነጠቀ ቤት ካለ ጥሪኝ።»

ሚስቱ ክንዴን ያዘችና «ዝም አይነቅዝም፣ ዓለሜ» አለች በጆሮዬ።

ወንድም ጃለታ ክፉ ሰው አይደለም። ቀስ ብሎ መጣ። «እህት ዓለሜ፣ ከአፋችን የሚወጣ ቃል ኃይል አለው። በልጆቻችን ደስታ ላይ ክፉ አንናገርም» አለኝ። ከዚያ እጁን ራሴ ላይ ጫነ። «ይህን የሟርት መንፈስ በኢየሱስ ስም እንቃወመዋለን!»

«አሜን!» አሉ ሁሉም። ከመሐል የደሳለችን ቀጭን ድምፅ ለየሁት። እሷም አሜን አለች።

ሌላው ቢል ግድ አልነበረኝም። እሷ ግን! ለማን ብዬ ነው እንደዚያ የተዋረድኩት? አምሳ ዓመት የሞላኝ ሴት፣ በእንግዳ ፊት ጋኔን እንዳለባት ሰው እጅ ተጭኖብኝ... እንባዬ ሲመጣ ሰው እንዳያየኝ ወደ ጀርባ ወጣሁ። ዝናቡ እየወረደ ነው። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ግንቡ ሥር ቆምኩ።

ግንቡ ግርጌ አራት የውኃ ማስወጫ ቱቦዎች አሉ። ከሰኞ ጀምሮ ከአራቱም ድፍርስ ውኃ ሲወርድ ነበር፤ ግቢውን አጨቅይቶብን ሁላችንም ስናማርር ሰንብተናል። አሁን አራቱም ደርቀዋል። ጠብ የሚል የለም።

ሙሉቀን ጃንጥላ ይዞ መጣ። «አዩ ማዘር? ጸሎታችሁ ሠራ። ውኃው ቆመ» አለና ሳቀ።

ዝናቡ ግን አልቆመም። በላዬ እየወረደ ነው። ታዲያ ውኃው የት ሄደ?

አባታችን ሸማኔ ነበር። እኔና ደሳለች ያደግነው ሽሮ ሜዳ፣ እንዲህ ያለ ግንብ ሥር በተከራየው ቤት ነው፤ እሷን በኋላ ነው ትዳር ወደ ጨንቻ የመለሳት። አባባ በክረምት ጠዋት ጠዋት ሥራው ላይ ከመቀመጡ በፊት ወጥቶ የግንቡን ቀዳዳዎች ያይ ነበር። ውኃ ከወረደ ገብቶ ይሸምናል። አንድ ቀን፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ቀዳዳዎቹ ደርቀው አገኛቸው። ምንም አልተናገረም። እናታችንን፣ እኛን፣ የተጀመረውን ሸማ ሳይቀር ቆርጦ አወጣ። ግንቡ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቤቱ ላይ ወደቀ። ጭቃው ቀዳዳዎቹን ከውስጥ ደፍኗቸው ነበር፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ ከኋላ ተጠራቅሞ ገፋው።

የሺጥላ ያኔ ገና አልተወለደም፤ ይህን የማውቅ እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ የምታውቅ ደሳለች ናት፤ እሷ ደግሞ በጉልበቷ ምክንያት ወደ ጀርባ ወጥታ ግንቡን አላየችም።

«ዓለሜ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከጸሎቱ ወደ ክፍሏ ተመልሳ በመስኮት እያየችኝ ነው። እሷ ፎቶው ጋ አትሄድም፤ የማዕከሉ ቁልቁለት ለጉልበቷ አይሆንም። ገባሁ። በሩ ወለሉን እየፋቀ ተከፈተ። አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯ በጋቢ ተጠቅልሏል።

«አኮረፍሽ?» አለችኝ።

«ለምን አኮርፋለሁ?»

«ፊትሽን አውቀዋለሁ።» እጄን ሳብ አደረገች። «እነሱ ይበሉ። አንቺ በልጅነትሽም ውሸት አታውቂም። ከልብሽ ከፈራሽ ንገሪኝ፤ አሁኑኑ ተነሥቼ ሁለት ቁጥር እገባለሁ። ደረጃውን ደግፊኝ እንጂ እወጣዋለሁ። ምን አየሽ?»

ምን አየሽ አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር። «ቱቦዎቹ ደርቀዋል» ብል ሌላ ቃል አያስፈልጋትም ነበር፤ የአባባ ልጅ ናት። ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል። ግን ያ «አሜን» እያንገበገበኝ ነበር። እነሱ ፊት ብትደግፈኝ ምን ነበረበት? ሰው ሁሉ ሲጮህብኝ ዝም ብላ፣ አሜን ብላ፣ አሁን ለብቻችን ስንሆን «ንገሪኝ» ትለኛለች? ደግሞ ሁለት ቁጥር ባስገባት የሺጥላ ሲያይ ምን ይላል? «አሁንም አልተወችም» ነው የሚለው። ሳምሪ እንደገና ፊቷን ትሸፍናለች።

«ምንም አላየሁም» አልኳት። «ዝም ብዬ ነው። ተኚ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ተኚ አልኩሽ እኮ እቴቴ! ስንመጣ እንቀሰቅስሻለን።»

ጋቢዋን እስከ ትከሻዋ ሳብኩላት። በሩን መዝጋት አቅቶኝ ገርበብ አድርጌ ተውኩት።

እጽዋት ማዕከሉ ውስጥ ጭጋጉ ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። ፎቶ አንሺው «እንዲህ ያለ ብርሃን በገንዘብ አይገኝም» እያለ ይሯሯጣል። ሳምሪ በዚያ ነጭ ልብስ ስታምር! የቀሚሷን ጫፍ ጭቃ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልዬ የያዝኩት እኔ ነኝ። እስቃለሁ። አንዴ «ሽንት ቤት» ብዬ ልሮጥ አሰብኩ፤ ፎቶ አንሺው «አክስት፣ ቀሚሱን ከፍ!» አለኝ፣ ከፍ አደረግኩ። ትንሽ ቆይቼ እሄዳለሁ አልኩ። ትንሽ ቆይቼ።

አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከወዲያ ማዶ ድምፅ መጣ። ረጅም አልነበረም፤ ገልባጭ መኪና ድንጋይ ሲያራግፍ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ሁሉም ዞሮ ያየው እኔን ነው። የሺጥላ፣ ሚስቱ፣ ወንድም ጃለታ፣ ሳምሪም ሳትቀር። አፌን እየጠበቁ ነው።

«ነጎድጓድ ነው» አልኩ።

ሳምሪ ተነፈሰች። ፎቶ አንሺው «አንዴ ወደዚህ!» አለ። ሁለት ይሁን ሦስት ፎቶ ተነሡ። ከዚያ የየሺጥላ ስልክ ጮኸ። ሲያዳምጥ ፊቱን አየሁት፤ ቀሚሱን ጭቃው ላይ ለቅቄ መሮጥ ጀመርኩ።

ምን ልንገራችሁ። የቁስቋም ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ደርሶልናል፤ ወንዶቹ በእጃቸው ሳይቀር ቆፈሩ። ከግንቡ የወደቀው ሰባት ቁጥር ላይ የነበረው ብቻ ነው። አልጋው ላይ አገኟት፤ ጋቢዋ እስከ ትከሻዋ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሠርጉ ሊሆን በነበረበት ቀን፣ ሽሮ ሜዳ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ለቅሶ ደራሹ በገባ ቁጥር የሺጥላ ይነግረዋል። «ዓለሜ እኮ ተናግራ ነበር። እኛ አልሰማናትም።» ወንድም ጃለታ ጫማዬ ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ፤ «እግዚአብሔር አሳይቶሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ» አለኝ። የማላውቃቸው ሴቶች እጄን እየያዙ ስለ ልጆቻቸው ይጠይቁኛል። ወሬውም ዞሮ ዞሮ ሌላ መልክ ያዘ። ዓለሜ እህቷን ለምናት ነበር፣ እምቢ ያለችው ደሳለች ናት፣ ግትር ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። ይህን ሲሉ ሰማሁ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ሟርተኛ የሚለኝ ጠፋ፤ እውነት ልናገር፣ አንድ ቀን ሙሉ ያን ቃል ሳልሰማ መዋሌ ደስ እንኳ አለኝ። እግዜር ይይልኝ!

ወደ ማታ ሳምሪ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥቁር ለብሳለች፤ ጥፍሮቿ ላይ የሙሽራ ቀለም አለ። እጇን እጄ ውስጥ አስገባች። ትንሽ ልጅ ሆና ከጨንቻ የመጣች ቀን እንደያዘችኝ አጥብቃ ያዘችኝ።

«አክስቴ» አለች፣ «ለምነሻት ነበር አሉ። እማዬ ለምን አልሰማችሽም?»

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ይዘምራል። አዎ ብል እናቷን ግትር አድርጋ ትቀብራታለች፤ እኔን ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ትወደኛለች። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ሰምታኛለች፣ ሳምሪዬ» አልኳት። «ቱቦዎቹ ደርቀው አይቼ ነበር። ምን አየሽ ብላ ጠየቀችኝ። ከፈራሽ እወጣለሁ አለችኝ። ተኚ አልኳት፤ ተኛች።»

ሳምሪ አየችኝ። ከዚያ እጇን ከእጄ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች።