ሙሪየል ያየችው ወፍ

ኑ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወንበር ያጣ ቦቲውን ያውልቅና ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ። የማወራችሁ ስለ እህቴ ስለ ሙሪየል ነው።

ሙሪየል እዚሁ ሼፒ ደሴት ላይ ተወልዳ እዚሁ አረጀች። የባሕሩን ዳር ረግረግ እንደ ጓሮዋ ነው የምታውቀው። አንድ ነገር ግን እምቢ አላት፤ ቢተርን የሚሉትን ወፍ ማየት። መልኩ የደረቀ ሸምበቆ ነው፤ ሰው ሲሸተው አንገቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ሸምበቆ ይሆናል። ድምፁን ዕድሜ ልኳን ሰምታዋለች፤ ማየት ግን የለም። አሁን ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ቀርቷታል፤ በማግስቱ ጓዟን ጠቅልላ በርሚንግሃም ከተማ ልጇ ዘንድ ልትገባ ነው፤ እዚያ ከፎቅ ላይ ሆና የምታየው እርግብ ብቻ!

ስለዚህ በጠዋት ተነስተን፣ ወፍ ተመልካቾች ተደብቀው በመስኮት ወደሚያዩባት የእንጨት ጎጆ ሄድን። ገና ከመግባታችን ክላይቭ ጮኸ። ክላይቭ የጎጆዋ አለቃ ነው፤ ማን እንደሾመው እንጃ።

«ቢተርን! ያውና!»

«የት?» አለች ሙሪየል መነጽሯን እያነሳች።

«ከሸምበቆው ጎን!»

«የትኛው ሸምበቆ፣ ክላይቭ? አገሩ ሁሉ ሸምበቆ ነው እኮ!»

«ያ ዘንበል ያለው!»

«በዚህ ነፋስ ዘንበል ያላለ ማን አለ?»

«ኤዲያ! የጣቴን ጫፍ ተከትለሽ እዪ!»

«የጣትህን ጫፍማ አየሁት፤ ጥፍርህን ቁረጥ።»

ክላይቭ አጠገብ የተቀመጠው ዴስሞንድ ብስኩቱን እያላመጠ «አየሁት! እንዴት ያምራል!» አለ። ሚስቱ ጆይስም አየች። እኔ ያየሁት የበሰበሰ የአጥር እንጨት ነው፤ ብናገር ማን ይሰማኛል?

«አንቺም አየሁ በያ፣ ሙሪየል» አላት ዴስሞንድ። «እዚያው አይደል ያለው?»

እኛ ወፍ ተመልካቾች ዘንድ ዓይን ያላየውን ወፍ አየሁ ማለት ነውር ነው።

«ከምዋሽስ ሳላየው ልሂድ!» ብላ በሩን ድርግም አድርጋው ወጣች።

«ቀስ! ታስበረግጊዋለሽ!» አለ ክላይቭ።

ተከትያት ብወጣ፣ ከጎጆዋ ኋላ ባለው የአፈር ግድብ ላይ አፏን ከፍታ ቆማለች።

«ሲድ ወንድሜ፣ ቢተርኑ በአናቴ ላይ አለፈ! እግሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ቀስ ብሎ... እንዴት አንዲት ደቂቃ ቀድመህ አትወጣም!»

ገብታ ብትነግራቸው ክላይቭ ዞር ብሎም አላያት።

«አይሆንም። ቢተርኑ ይኸው፣ ንቅንቅ አላለም። ምስክር አለሽ?»

ይህን ሲል አንድ ቁራ መጥቶ በክላይቭ ቢተርን አናት ላይ ዘፍ አለ። ዴስሞንድ ማላመጡን አቆመ።

«ኧረ ወፍህ ባርኔጣ አደረገ!» አለች ሙሪየል።

ክላይቭ ጆሮው ቀላ። «ቢሆንም... አንቺ ምስክር የለሽም።»

ሌላ ቀን ቢሆን አንገቱን ታንቀው ነበር። ያን ዕለት ግን ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳችለት።

«የለኝም፣ ክላይቭ። አየሁት ግን። እንካ፣ ሳይበርድ ጠጣ።»

በማግስቱ ሄደች። ክላይቭ እስከ ዛሬ አላመነም። እናንተ ግን ልጆቼ፣ ስሟ በተነሳ ቁጥር ይህቺን አትርሱብኝ፤ ሙሪየል አይታዋለች።