የሐጅ ኦመር ሽቦ

ሱዳን፣ ባሕሪ በሚባል ሰፈር የምኖርበት ግቢ ስድስት ክፍል አለው፤ ስድስቱም የሐጅ ኦመር ናቸው። ውሃው የእሱ፣ መብራቱ የእሱ፣ በግድግዳው ላይ የምትሄደው የኢንተርኔት ሽቦም የእሱ። ሌላ ኩባንያ ድርሽ እንዳይል ከልክሏል። "ግድግዳዬ ይበሳል" ይላል። ግድግዳውን አይጥ በሳስቶ ወንፊት አድርጎታል፤ ያ ግን አላስጨነቀውም።

እኔ ኢንተርኔት የምፈልገው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ ሬሕማ ኮምቦልቻ፣ እህቴ አሚና ዘንድ ናት። ትቻት ስመጣ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ሞልቷታል። ሳምንቱን ሙሉ ካፉሪ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ የሰው ቤት ስጠርግ እከርምና ጁምዓ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ በቪዲዮ እደውልላታለሁ። "እማዬ ደህና ነሽ?" ትላለች። ከዚያ ኔቱ ይቆራረጥና መልኳ ይደርቃል፣ ድምጿ ይጠፋል። በስድስት ዓመት ውስጥ ከልጄ ጋር አንድ ወግ ጨርሰን አናውቅም። አፏ እንደተከፈተ የቀረውን ፊቷን እያየሁ አለቅሳለሁ።

አንድ ቀን የኪራይ ውሉን ይዤ ጎረቤቴ ካሳሁን ዘንድ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት እዚህ የኖረ፣ ዐረብኛ አንባቢ ነው።

"ስለ ኢንተርኔት አንዲት ቃል የለችበትም" አለኝ። "የፈለግሽውን ማስገባት መብትሽ ነው።"

"በል አብረን እንንገረዋ።"

"እኔን እንኳ ተይኝ፣ ሀጀራ። ከሰውዬው ጋር ክፉ ደግ ሳልነጋገር መኖር ይሻለኛል።"

ሌሎቹ ተከራዮችም እንደዚያው አሉ። ብቻዬን ሄድኩ።

ሐጅ ኦመር በሩ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። "ሐቄ ነው" ልለው ፈልጌ፣ ቃሉን በዐረብኛ አጥንቼ ነበር የመጣሁት። "ያ ሐጅ፣ አን-ነት ሐጊ!" አልኩት። እኛ ዘንድ ሐቅ መብት ማለት ነው። በሱዳኖች አፍ ግን "ሐጊ" ማለት "የኔ ንብረት" ነው።

ሰውዬው ሻዩ ትን አለው። "ኔቱ ያንቺ? ቤቱስ? ሚስቴስ?" ብሎ ግቢውን ሁሉ ጠርቶ ነገራቸው። ሳቁ፤ ካሳሁንም ሳቀ። ፊቴ ነደደ፣ ግን ንቅንቅ አላልኩም። "ቤቱን ተከራየሁ እንጂ ጆሮዬን አላከራየሁህም!" አልኩት በአማርኛ፤ የተናደደ ሰው መቼ ቋንቋ ይመርጣል። ሳቁ ሲበርድለት ዓይኑን ጠረገና፣ "ኸላስ፣ ያንቺ ከሆነ ያንቺን አምጪ፣ ያላ!" አለኝ።

ሰው ፊት የተናገረውን መልሶ መዋጥ አልሆነለትም። ሐሙስ ዕለት ከሌላ ኩባንያ መጥተው አዲስ ሽቦ ዘረጉልኝ።

ጁምዓ ደወልኩ። መልኳ ጥርት ብሎ መጣ። ቅንድቧ የኔ ነው። አንድ ጥርሷ ወልቋል፤ ማንም አልነገረኝም ነበር።

"እማዬ ደህና ነሽ?" አለች።

ደህና ነኝ አልኳት። ትምህርቷን ጠየቅኋት፤ "ደህና ነው" አለች። ምን እንደበላች ጠየቅኋት፤ "ሽሮ" አለች። የጓደኛዋን ስም አላውቅ፣ የምትወደውን አላውቅ፣ ምን ብዬ ልጠይቃት? የማሳብብበት ሽቦ እንኳ አልነበረኝም።

ልጄ ስልኩን በእጇ የሸፈነች መስሏት ወደ አሚና ዞር አለች። ሹክሹክታዋ ግን ቃል በቃል ደረሰኝ።

"አክስቴ፣ ዛሬ ለምንድን ነው የማይቋረጠው?"

አሚና "እሽሽ!" አለቻት።

"ሬሕማ፣ አይሰማኝም ልጄ፤ ኔቱ ነው" አልኩና እኔው ዘጋሁት።