ሰማያዊዋ ፀ

ቂመኛ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። እናቴ «አንቺ እኮ የተረገጠ እግርሽ ድኖም የረገጠሽን አትረሺም» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው።

ዩኒቨርሲቲ የጥንት ግሪክና ሮም ታሪክ ስንማር የክፍል ተጠሪ ነበርኩ። ሥራዬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የስም መቆጣጠሪያውን ወረቀት ማዞር ነው። የመጣ ከስሙ ትይዩ ይፈርማል። ባዶ የቀረውን ሳጥን መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ ይሞሉታል፤ ክብ ይሠሩና መሐሉን በአግድም ይሰነጥቁታል። የግሪኮች ቴታ ናት፤ ታናቶስ፣ ማለትም ሞት፣ የሚለው ቃል የሚጀምርባት። ሮማውያን በወታደር መዝገባቸው ላይ ከሞተው ሰው ስም አጠገብ ይህችን ፊደል ያኖሩ እንደነበር ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። «ከእኔ ክፍል የቀረ ሞቷል፤ ሦስቴ የሞተ ፈተና አይቀመጥም» ይሉን ነበር። እኛም እንስቅ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያስቀን ፀሐይ የምንለው ልጅ ነው። ስሙን ያወጡለት እናቱ ናቸው፤ ፀሐይ ካልሞቀው ከአልጋ አይወርድማ። ፊርማው አንዲት ፀ ብቻ ነበረች። ፀ እና ቴታ ደግሞ መንታ ናቸው፤ ቁርጥ አንድ። መምህሩ ወረቀቱን እያዩ፣ በገዛ እጅህ ሞተህ መጣህ እኮ ሲሉት፣ እኔ በሰማያዊ ነኝ፣ የእርስዎ ሙታን በቀይ ናቸው ይላቸዋል።

የምንኖረው አንድ ግቢ ተከራይተን ነበር፤ የእሱ በር ከእኔ ቀጥሎ። አስም ስላለበት ሌሊቱን ሲታገል አድሮ እንቅልፍ የሚወስደው ንጋት ላይ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳለሁ። «ተነስቻለሁ፣ አውራ ዶሮ» ይላል፤ ይዋሻል። ካረፈደ እኔው ፀ አደርግለታለሁ።

አንድ ማክሰኞ ስለ ሮማውያን የመቃብር ድንጋዮች ለክፍሉ አብረን የምናቀርበው ጥናት ነበረን። ሮማውያን ሙታናቸውን በአውራ ጎዳና ዳር ይቀብሩ ነበር፤ ድንጋዩ መንገደኛውን ቆም ብለህ ስሜን ጮክ ብለህ አንብብ ይለዋል። ያን ክፍል የሚያቀርበው እሱ ነበር። አንኳኩቼለት፣ ተነስቻለሁ ብሎኝ፣ ቀረ። በሩን በሩን እያየሁ ብቻዬን ተንተባተብኩ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ዳቦ እየገመጠ ሲገባ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ፣ «ከነገ ጀምሮ የሚያንኳኳልህ ሌላ ፈልግ» አልኩት።

«ፀሐይ ራሷ ታንኳኳልኛለች» አለና ከዳቦው ቆርሶ ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም።

ረቡዕ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በበሩ በኩል አለፍኩ። ሲያስል ሰማሁት። ነቅቷል ማለት ነው ብዬ እግሬን አፈጠንኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ያን ጠዋት ቂሙን እኔ፣ ሳሉን እሱ ይዘን ነበር።

ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ዞሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ የእሱ ሳጥን ባዶ ነው። እጄ እንደለመደው ለፀ ተነሳ። ከዚያ ንዴቴ መጣና፣ ዛሬስ ቴታ ነው የማደርግልህ፣ ሙት፣ አልኩ በሆዴ። በሰማያዊ እስክሪብቶዬ ክቡን ሠርቼ መሐሉን ስሰነጥቀው ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጫንኩት። መምህሩ ፊርማ መስሏቸው አለፉት።

ቀትር ላይ አከራያችን በሩን አስከፈተች። የሚስበው መድኃኒት ከእጁ አምልጦ አልጋው ሥር ገብቶ ነበር። ሐኪሙ ጠዋት ነው ያለፈው አለ፤ ሰዓቱን ግን መለየት አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ፊደል ጠመደኝ። የታሪክ መጽሐፍ ስገልጥ ቴታ ትጠብቀኛለች፣ ጋዜጣ ሳነብ ፀ። መግባት ክልክል ነው የሚለው የመንገድ ምልክት እንኳ ክብና አግድም መስመር ነው። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከግድግዳው ማዶ ሳል እሰማለሁ። ለአከራያችን ብነግራት፣ ክፍሉ ተቆልፏል፣ ቧንቧው ነው አለችኝ። ሊሆን ይችላል። ቧንቧ ግን ሦስቴ አስሎ፣ ሰው እስኪያንኳኳ የሚጠብቅ ይመስል ዝም አይልም።

በሦስተኛው ሳምንት የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ አስጠራችኝ። እናቱ መጥተው ነበር። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የጣታቸው ጫፍ በመርፌ የተወጋጋ።

«አውራ ዶሮዋ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። ነኝ አልኳቸው።

ረቡዕ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ደውለውለት ነበር። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ክፍል ገብቷል ብለው ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ። አሁን እንቅልፍ የሚባል ነገር አጥተዋል። ያን ሰዓት ልጃቸው እውነት ክፍል ነበር? ወይስ ትንፋሽ አጥሮት ስልኩ አጠገቡ ሲጮህ ይሰማ ነበር? ካልገባ፣ ከግቢያችን ሁለት መንገድ አልፋ የምትኖር እህታቸውን ሮጠሽ ድረሺለት ማለት ይችሉ ነበር። ይህን ብቻ ሊያውቁ ነው የመጡት።

ጸሐፊዋ የዕለቱን ወረቀት ከፋይሉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እሳቸው ስሞቹን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ እውነቴን ነው።

«ይቺ ቀይዋ ምንድን ናት?» አሉ።

«የቀረ ተማሪ ናት፣ እማማ።»

ጣታቸው ልጃቸው ስም ላይ ደረሰና ቆመ።

«የእሱ ሰማያዊ ነው» አሉ ቀስ ብለው። የተቀደደውን ቦታ ዳበሱት። «ይቺን ፊደል እጁን ይዤ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅ ሆኖም ወረቀቱ እስኪበሳ ይጫናት ነበር።» ቀና ብለው አዩኝ። «ገብቶ ነበር፣ አይደል?»

እውነቱን ብናገር ይቀለኝ ነበር። የእኔ ሲቀል ግን የሚከብደው እሳቸው ላይ ነው።

«ገብቶ ነበር» አልኩ። «ከኋላዬ ነው የተቀመጠው።»

ወንበር ስበው ተቀመጡና አለቀሱ። ሲበቃቸው እጄን ያዙ። «እንግዲያ ያን ቀንም አንኳኩተሽለታላ» አሉ። «እግዜር ያክብርሽ፣ ልጄ።»

ወረቀቱን ለመኑ። ጸሐፊዋ ኮፒውን አስቀርታ ዋናውን ሰጠቻቸው። ኮፒው ጥቁር ነው፤ ቀይና ሰማያዊ አይለይበትም።

አሁን ሌላ ኮርስ፣ ሌላ ክፍል ነን። የምቀመጠው ያው ፊት ነው። ከኋላዬ ያለው ወንበር ባዶ ይውላል። አንዳንድ ጠዋት፣ መምህሩ ስም መጥራት ሲጀምሩ፣ ወንበሩ ሲሳብ እሰማለሁ፤ ቀጥሎ ሳል። እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እስካሁን ዞሬ አላየሁም።